ሁለተኛው መስመር

«እማዬ፣ ገመዱ የሚለካው እኔን ነው ወይስ እባጩን?»

ልጄ አትጠገብ ይህን የጠየቀችኝ በልክ ቤት ደጃፍ ወረፋ ይዘን ቆመን ሳለ ነው። «ዝም በይ፣ ይሰሙሻል» አልኳት። ያኔ የማላውቀውን ነገር ሁሉ የማልፈው እንዲህ እያልኩ ነበር።

የአገሬን ስም አልጽፍም። ብጽፈው የሚያውቁት ይቆጣሉ፤ የማያውቁት ደግሞ «የእኛ አይደለም» ብለው ወረቀቱን ያስቀምጡታል። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ ቢወላገድ ይቅርታ አድርጉልኝ። የምጽፈው ግን የሆነውን ነው።

በከተማችን እባጭ የወጣበት ሰው ሁሉ ልክ ቤት ይሄዳል። እዚያ ሰም የተቀባ፣ አራት ቋጠሮ ያለው ገመድ አለ። የገመድ ሹሙ ገመዱን በእባጩ ዙሪያ ያዞርና የደረሰበትን ቋጠሮ ይናገራል። ጸሐፊው ይጽፋል። ከዚያ ያንኑ ያህል ቋጠሮ ያለው ክር በታማሚው እጅ ላይ ይታሰራል። ሹሙ ራሱ ካልፈታው በቀር ክሩን የሚፈታ የለም።

አንድ ቋጠሮ የደረሰው «ዳነ» ይባላል። ለአንድ ወር ቀለል ያለ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ዘመዶቹ ይደግሳሉ። ሁለትና ሦስት ቋጠሮ የደረሳቸው ጠንካራውን መርፌና ጨረሩን ያገኛሉ። አራት የደረሰው ግን የማስታገሻ ክኒን ብቻ ይሰጠውና ለቅሶው አስቀድሞ ይደረስለታል። ድንኳን ተተክሎ ሰውየው ራሱ መሃል ላይ በወንበር ይቀመጣል። ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች ይህን ያደረጉት በደግነት ነው ይባላል። ሰው ስለ እሱ የሚነገረውን መልካም ነገር ሳይሰማ መሞቱ አሳዝኗቸው ነው። ለቅሶው ሰባት ቀን ነው። ከሰባቱ ቀን በኋላ ሰውየው በሕይወት ቢኖርም ሰላም አይባልም፤ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የዕረፍት ግቢ ይወሰዳል።

አንድ ቋጠሮ ኖሮት የሞተ ሰው ደግሞ አይለቀስለትም። ገመዱ አይሳሳትም ስለሚባል መዝገቡ ላይ «በእልኸኝነት ሞተ» ተብሎ ይጻፋል። ሚስቱ ጥቁር ብትለብስ ተጠርታ ትጠየቃለች።

አትጠገብ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከቀኝ ጆሮዋ በታች የወጣው እባጭ መጀመሪያ የሎሚ ዘር ያህል ነበር፤ እኔ «የጥርስ ነው» እያልኩ ቅቤ ሳሽ ሎሚ አከለ፣ ከዚያም ከሎሚ አለፈ። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ስለሞተ የምማከረው ሰው አልነበረኝም።

የገመድ ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ገመዱ አንገቷን እንዳይቀዘቅዛት መጀመሪያ በመዳፉ መሃል ያሸው ነበር።

«አራት» አለ።

«አራት» አለ ጸሐፊውም፣ እየጻፈ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ደግመው ይለኩልኝ። ጠዋት ስታለቅስ ነበር፤ በዚያ አብጦ ይሆናል» አልኩ።

«እመቤት፣ ደግሜ ከለካሁ ገመዱን ተጠራጠርኩ ማለት ነው» አለኝ በትሕትና። ክሩን ካሰረላት በኋላም «በጣም ጠብቋል?» ብሎ ጠየቃት።

በማግስቱ ድንኳኑ ተተከለ። አልቃሿ ወይዘሮ ድንቄ መጡና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጀመሩ። የልጄን ጥርስ አነሡ፣ ፀጉሯን አነሡ፣ «ቁመተ ሎጋዋ» እያሉ ደረት አስመቱ።

አትጠገብ ከወንበሯ ላይ ሆና፣ «እትዬ ድንቄ፣ እኔ እኮ አጭር ነኝ» አለች።

«ዝም በይ አንቺ! ሎጋ ካልኩ ሎጋ ነሽ። ለአጭር የሚሆን ግጥም የለኝም።»

«ታዲያ ይግጠሙልኛ፤ ሰባት ቀን አለዎት።»

ለቀስተኛው ሳቀ። ከዚያ የት እንዳለ አስታወሰና ከበፊቱ አብልጦ አለቀሰ።

ከሁሉ በላይ ያለቀሰችው ግን ጎረቤቴ አንጓች ነበረች። ፊቷን እስክትቧጭር ድረስ ስታለቅስ ልጄን ይህን ያህል ትወዳታለች ብዬ ገረመኝ። ጠጋ ብዬ ስሰማ የምትጠራው የአትጠገብን ስም አልነበረም። «ፈንታሁኔ፣ ፈንታሁኔ» ትላለች። ፈንታሁን ባሏ ነበር። ካንድ ዓመት በፊት አንድ ቋጠሮ ደርሶት ድግሱ ላይ ወጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በአምስተኛው ወር ሞተ፤ መዝገቡ ላይ «በእልኸኝነት» ተባለ።

እንዳየኋት ስታውቅ እጄን ያዘች። «ውዴ፣ ይቅር በዪኝ። ማልቀስ የሚፈቀድበት ሌላ ድንኳን አጥቼ ነው» አለችኝ።

«አልቅሺ፤ ማን ከለከለሽ» አልኳት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተናኜ መጣች። ተናኜ በልክ ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል የምትሠራ ደም አንባቢ ናት። ከታማሚው ደም ወስዳ በመሣሪያዋ ታያለች። ሰው ብዙ አያውቃትም፤ የሚያውቋትም «ያቺ ደም የምታበላሸው» ይሏታል። ከድንኳኑ ጥግ ጎኔ ተቀመጠች።

«እትዬ ውዴ፣ የአትጠገብን ደም አይቼዋለሁ» አለች። «ልጅሽ ልትድን ትችላለች።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። «አራት ቋጠሮ ናት እኮ!»

«እባጩ አራት ቋጠሮ ነው። ስሚኝ። ይህን ዓይነቱን እባጭ የሚያመጣው አንድ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ አብዛኛው ሰው ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፣ ምንም አያደርግም። እኔም ውስጥ አለ፣ አንቺም ውስጥ ይኖራል። በጥቂት ሰው ላይ ግን ካንሰር ያስነሳል። ያ ካንሰር ደግሞ የቫይረሱን ፍርፋሪ ደም ውስጥ ይጥላል። እኔ የምቆጥረው ያንን ፍርፋሪ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቆጥሬ በደብተር ይዤዋለሁ። እባጩ ትልቅ ሆኖ ፍርፋሪው ጥቂት የሆነለት ሰው፣ ጠንካራውን መድኃኒት ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። እባጩ ትንሽ ሆኖ ደሙ በፍርፋሪ የተሞላ ደግሞ…» ወደ ኋላዋ ዞር አለች። አንጓች ከኋላችን ማልቀሷን አቁማ ነበር።

«የፈንታሁን ስንት ነበር?» አለች አንጓች።

«ብዙ ነበር፣ እህቴ። በጣም ብዙ። ጽፌው ነበር። ወረቀቱ ላይ ሁለተኛው መስመር ነው።»

«ጸሐፊው አንድ መስመር ብቻ ነው ያነበበልኝ።»

«አዎ» አለች ተናኜ። «ሁለተኛውን አያነበውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ተናኜ ደብተሮቿን ይዛ ልክ ቤቱን በሚያዘው የልክ ጉባኤ ፊት ቀርባ ነበር። የጉባኤው ሰዎች ሦስት ቀን ሙሉ አዳምጠዋት አመሰገኗት። ከዚያ የደም ንባብ ታላቅ ጥበብ መሆኑን ገልጸው፣ ከገመዱ ጋር እስከተስማማ ድረስ ተቀባይነት እንዲኖረው ወሰኑ። የማይስማማ ከሆነም መጻፉ አልተከለከለም፤ በትንንሽ ፊደል፣ ከገመዱ መስመር በታች፣ እንዳይነበብ።

አንድ ቀዳዳ ግን ነበር። በከተማችን ሕግ ማንኛውም የታማሚ ወረቀት የሚጸናው ዘመድ በሹሙ ፊት ጮክ ብሎ ሲያነበው ነው። ታማሚው ራሱ አያነብም፤ ለራሱ ያዳላል ይባላል። ዘመድ ሲያነብ ማንም አያቋርጠውም፤ የተነበበው ሁሉ ይጸናል። እኛ ማንበብ ስለማንችል ግን ለሁላችንም የሚያነብልን ጸሐፊው ነው።

«አምስተኛው ቀን የንባብ ቀናችሁ ነው» አለች ተናኜ። «ራስሽ አንብቢው።»

እኔ ያኔ የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ስድስት ወር ሆኖኝ ነበር። መምህራችን ፊደል ሲጣደፉበት ይሸሻል የሚሉ ሰው ስለነበሩ በወር ሁለት ፊደል ብቻ ያስተምሩን ነበር። የደረስኩት እስከ «ቸ» ነው።

«ፊደል ቶሎ የሚገባኝ ሴት አይደለሁም» አልኩ።

አትጠገብ ከወንበሯ ተነሥታ መጣች። «ሁሉንም አትማሪም። ለዚያ መስመር የሚያስፈልጉትን ብቻ» አለች።

እናም ልጄ በገዛ ለቅሶዋ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ፊደል አስቆጠረችኝ። በካርቶን ቁራጭ ላይ በከሰል ትጽፋለች፤ ለቀስተኛ ሲገባ ካርቶኑን እግሯ ሥር ትከታለች፣ ወይዘሮ ድንቄ ሲደክማቸው መልሳ ታወጣዋለች። «ደ»ን ከ«ጀ» እለያለሁ ብዬ ስንት ጊዜ አላበኝ። «ጨ» ደግሞ ጭራሽ አልያዝ አለኝ። መስመሩ ላይ «ጨ» ባይኖርም አትጠገብ «ይጠቅምሻል» ብላ አልተወችኝም።

«በቃሌ ብይዘውስ?» አልኳት ሲጨንቀኝ።

«እንዳታደርጊው! ወረቀቱን ገልብጠው ነው የሚሰጡሽ። በቃሉ የያዘ ሰው እንደተገለበጠ ያነበዋል፤ ያኔ ያውቁብሻል።»

በአምስተኛው ቀን የልክ ቤት አዳራሽ ገባን፤ እውነትም ገልብጠው ሰጡኝ። አቃናሁት። ጸሐፊው ሳል ያዘው። የመጀመሪያውን መስመር፣ የገመዱን፣ አነበብኩ። ከዚያ አላቆምኩም። «በደሟ… ያለው… የቫይረሱ… ፍር… ፍርፋሪ… ጥቂት ነው» አልኩ። «ጠንካራው መድኃኒት… ቢሰጣት… የመዳን ተ… ተስ…» እዚያ ላይ ተያዝኩ። ፊደሎቹ ሁሉ አንድ መሰሉኝ። በአዳራሹ ማንም አልተነፈሰም፤ ሕጉ አያስተነፍስማ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር አስገብቼ እንደገና ጀመርኩ። «ተስፋዋ… ከፍተኛ ነው።»

ሹሙ ገመዱን በመዳፉ መሃል አሸ። «የተነበበ ይጸናል» አለ በመጨረሻ። «መርፌው ይሰጣት፤ ወደ ዕረፍት ግቢም አትወሰድ። ድንኳኑ ግን ሰባት ቀኑ ሳይሞላ አይነቀልም።»

ስለዚህ የቀሩትን ሁለት ቀኖች ልጄን ከድንኳን ወደ መርፌ፣ ከመርፌ ወደ ድንኳን አመላለስኳት። ለቀስተኞቹ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር።

ሕክምናው አራት ወር ፈጀ። ፀጉሯ አለቀ። ጨረሩ ጉሮሮዋን አቃጥሎት ምራቋን እንኳ ስትውጥ እንባዋ ይወርድ ነበር። ለቅሶዋ ስለወጣ ሰላም የሚላት ሰው የለም፤ ወፍጮ ቤት ስንሄድ ሰዎች እንዳላየ ሆነው ገለል ይሉላታል። «አየሽ እማዬ፣ የሞተ ሰው ወረፋ አይጠብቅም» ትለኝ ነበር በተቃጠለ ድምፅዋ። እባጩ ግን በየሳምንቱ እያነሰ ሄደ። ማታ ማታ ማንበብ መማሬን አልተውኩም። በአራተኛው ወር «ጨ»ን ጨምሮ ሁሉንም ፊደል አውቄ፣ የሱቅ ማስታወቂያውን ሁሉ ጮክ ብዬ እያነበብኩ እየሄድኩ አሳፍራት ነበር።

በመጨረሻው የልኬት ቀን ሹሙ ገመዱን አሞቀና በአንገቷ ላይ አደረገው። የሚዞርበት ነገር አጣ። ከእጇ ላይ ያለውን ክር በመቀስ ቆረጠ። ከውጭ የቆሙት ሴቶች እልል አሉ፤ ወይዘሮ ድንቄም ግጥሙን ቀይረው እስክስታ ወረዱ።

ወረቀቱን ኮሪደር ላይ ሰጡኝ። ቆሜ ለራሴ አነበብኩት። የመጀመሪያው መስመር «እባጩ ጠፍቷል፤ ገመዱ የሚይዘው የለም» ይላል። ሁለተኛው በትንንሽ ፊደል እንዲህ ይላል። «በደሟ ያለው ፍርፋሪ አልጠፋም፤ ጨምሯል። እባጩ ባይታይም ይመለሳል። ሁለተኛው ዙር መድኃኒት ዛሬውኑ ይጀመርላት።»

ይህን እውነት ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ያን ቀን ጠዋት ልጄ ካራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ሙዝ በልታ ነበር። ስትውጠው አየሁ፤ አላለቀሰችም። ውጭ እልል ይባላል። አንገቷ ለስልሷል፤ በጣቴ ዳስሼ አረጋግጫለሁ። በወረቀቱ ላይ ያለው ፍርፋሪ ግን በዓይን የማይታይ፣ በጣት የማይዳሰስ ነው። ገመዱ እውነት ቢሆንስ አልኩ። ከአራት ወር በፊት ውሸታም ያልኩትን ገመድ ያን ቀን ወደድኩት።

አዳራሹ ስንገባ «አንብቢ» አለ ሹሙ።

የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። ሳልደናቀፍ ነው ያነበብኩት። ከዚያ አፌን ዘጋሁ።

ጸሐፊው ትንሽ ጠበቀ። ደም አንባቢ አዳራሹ መግባት ስለማይፈቀድላት ተናኜ በቦታው አልነበረችም። «የተነበበ ይጸናል» አለ ሹሙ።

«ሌላስ ምን ይላል?» አለችኝ አትጠገብ ስንወጣ።

«ሌላ የለውም» አልኳት፤ ወረቀቱን አጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩት።

በሦስተኛው ወር ከዚያው ጆሮ በታች አንድ የአተር ፍሬ የምታህል ነገር ወጣች። አላሳይም ብላ በሻሽ ሸፍናው አይቼባት እየጎተትኩ ወሰድኳት። ሹሙ ገመዱን አዞረና ፊቱ በራ።

«አንድ!» አለ። «እንኳን ደስ ያላችሁ!»

የሚያስቀውን አልቃሾች ይናገሩት። እባጩ ትልቅ ሆኖ ልትድን በምትችልበት ጊዜ ያለቀሰላት ሰው ሁሉ፣ እባጩ ትንሽ ሆኖ ልትሞት ስትል ሊደግስላት መጣ። ሰላም ይሏትም ጀመር። እኔ ተመልሼ ሹሙ እግር ላይ ወደቅሁ። ወረቀቱን አወጣሁ። «ሁለተኛ መስመር አለው፤ አሁን ላንብበው» አልኩ።

ሹሙ ደግፎ አነሣኝ። «እመቤት፣ አንቺው ነሽ ጠፍቷል ብለሽ ያነበብሽ። ያው አፍ አሁን አልጠፋም ብሎ ቢያነብ የትኛውን እናጽና? ሌላ ዘመድ ያንብበው።»

«ከእኔ ሌላ ዘመድ የላትም።»

«እሱ ነው የከፋው» አለ፣ ከልቡ አዝኖ። ቀለል ያለውን መድኃኒት አዘዘላት።

በዚያው ሳምንት ተናኜን ከሥራ አባረሯት። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ምክንያት «ከገመዱ ቀድማ በማወቋ» የሚል ነበር። ዕቃዋን ይዛ እየሄደች በድግሱ መሃል ቤቴ ገባች።

«እትዬ ውዴ፣ ለምን አላነበብሽውም?» አለችኝ። ልጄ እንደማታውቅ አላወቀችም።

አትጠገብ እጇን ዘረጋች። ወረቀቱ አሁንም እላዬ ላይ ነበር። ሰጠኋት። ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያ ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች። «ጨምሯል» የሚለው ላይ።

«ይህቺን ‹ጨ› ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ታስቸግርሽ ነበር» አለችኝ። «ያን ቀንስ አስቸገረችሽ?»

«አላስቸገረችኝም» አልኳት።

ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። ድግሱ ላይ የነበሩት ሰዎች የተፈጠረውን ስላላወቁ አንዱ «ሙሽራ መሰልሽ እኮ!» ብሎ ቀለደባት።

ከወንዙ ማዶ በመኪና ሁለት ቀን ከሚያስኬድ ከተማ፣ ደም መጀመሪያ የሚነበብበት፣ ገመዱ ቀጥሎ የሚመጣበት ቤት አለ ይባላል። ተናኜ እዚያ የምታውቀው ሰው ነበራት። አትጠገብ ልብሷን በፌስታል አድርጋ ስትወጣ እኔም ነጠላዬን አነሣሁ።

«አንቺ እዚህ ቅሪ፣ እማዬ» አለችኝ።

«ለምን? ማን ያስታምምሻል?»

«እዚያ የሚጻፈውን ራሴ ማንበብ እፈልጋለሁ።»

በአምስተኛው ወር የተናኜ ደብዳቤ መጣ። ጠንካራው መድኃኒት እንደተሰጣት፣ ሁለተኛው ዙር ግን በሰዓቱ ስላልተጀመረ እንዳልያዘላት፣ በመጨረሻው ሳምንት ብዙ እንዳልተሠቃየች፣ የተቀበረችበትን ቦታ ጭምር ጽፋልኛለች። እኔን አልወቀሰችም። አትጠገብ ያለችው ነገር ካለ ተናኜ አልጻፈችውም።

ድንኳን ለማስፈቀድ ልክ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። «አንድ ቋጠሮ» ይላል። ከጎኑ «በእልኸኝነት» ብሎ እንደሚጽፍ አውቅ ስለነበር አልጠበቅኩትም። ከአንጓች ጋር ሆነን በዚያ ሳምንት አራት ቋጠሮ ወደደረሳቸው አንድ ሽማግሌ ድንኳን ገባን። ሽማግሌው መሃል ላይ ተቀምጠው በትካዜ ያዩን ነበር። የማን ዘመድ መሆናችንን ቢጠይቁን እውነቱን ነገርናቸው።

«እንግዲያው ጮክ ብላችሁ አልቅሱ፤ እኔ ጆሮዬ ከባድ ነው» አሉን።

አሁን ሴቶች ወረቀታቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ወደ አዳራሹ ከመግባታቸው በፊት ምን እንደሚል እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ የመጀመሪያውን መስመር ካነበብኩላቸው በኋላ ወረቀቱን ከእጄ ሊቀሙኝ ይሞክራሉ። አጥብቄ እይዘዋለሁ፤ አንዲቷ በጥፍሯ ቧጭራኛለች።

በዚያ ዓመት ከከተማችን የሄዱት ሦስት ሴቶች ናቸው። ተናኜ ደብተሮቿን ይዛ ሄደች፤ ልጄ አትጠገብ ከእሷ ጋር ሄደች፤ አንጓች ደግሞ በክረምቱ መውጫ ጥቁሯን ለብሳ በጠራራ ፀሐይ በልክ ቤት ደጃፍ አልፋ ሄደች። የገመድ ሹሙ ቀረ፤ ጸሐፊው ቀረ፤ እኔም ቀረሁ።